ውጭ ተጫውተው ለተመለሱ፦ መሃል አዲስ አበባ ላይ ታዳጊ ማሰልጠን እንዴት ይጀመራል

ውጭ ሀገር ተጫውቶ የተመለሰ ሰው በመጀመሪያው ቀን ሜዳ ላይ የሚያሠራው ልምምድ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። አሥራ ስድስት ልጆች ይሰለፋሉ፤ አሰልጣኙ ከ16 ከ50 (ከቅጣት ክልሉ) ጫፍ ኳስ ያቀብላል፤ ልጁ ይመታል፤ ኳሷን ሊያመጣ ይሮጣል፤ ቀጣዩ ይገባል። ከዳር ቆሞ ለሚያይ ወላጅ ያምራል። እስቲ ሰዓት ይዛችሁ ቁጠሩት። አንድ ምት ከነዝግጅቱ 12 ሰከንድ ያህል ይወስዳል። ልጁ ተራው እስኪደርስ ከ3 ደቂቃ በላይ ይቆማል፤ በ20 ደቂቃ ውስጥ የሚመታው 6 ጊዜ ብቻ ነው። የቀረው ጊዜ የሚያልቀው በመገፋፋት፣ ጠጠር በመምታትና «ኮች፣ ተራዬ አልደረሰም?» በማለት ነው።

ይህ ከስንፍና የሚመጣ ስህተት አይደለም። ተጫዋች የነበረ ሰው ልምምድን የሚያስታውሰው በራሱ እግር ነው። ያኔ ሙሉ ሜዳ፣ ሠላሳ ኳስ፣ ሁለት ሦስት ረዳትና ሃያ ሁለት የበሰሉ ተጫዋቾች ነበሩ። ከጀርባ ሆኖ ደቂቃውን ያከፋፈለውን፣ ኮኑን ቀድሞ መጥቶ የደረደረውን ሰው ግን ማንም ልብ አይለውም። አሁን እናንተ ያ ሰው ናችሁ። መጀመሪያ መማር ያለባችሁም የሌላውን ሰው ጊዜ ማቀድ ነው። ከታች የምጽፈው ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 13 የሆኑ ልጆችን በአራዳ፣ በቂርቆስና በልደታ አካባቢ ይዞ ለሚጀምር ሰው የሚሆን ነው።

ከሰዓቱ እንጀምር። ልጆቹ ከትምህርት ቤት የሚወጡት ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል እስከ 10 ሰዓት ነው። ቤት ገብተው፣ ልብስ ቀይረው፣ ታክሲ ወይም በእግር ደርሰው ለመሰብሰብ 10 ሰዓት ተኩል ይሆናል። በኅዳር ፀሐይ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፣ እኛ ሀገር ደግሞ ከጠለቀች በኋላ ብርሃኑ ብዙ አይቆይም። ስለዚህ በእጃችሁ ያለው 75 ደቂቃ ነው። አውሮፓ ወይም ባሕረ ሰላጤው ሀገራት የለመዳችሁት መብራት ያለበት የማታ ልምምድ እዚህ አይሠራም፤ አሥር ዓመት የሆነው ልጅ ከካዛንቺስ ወደ ቤቱ በጨለማ ብቻውን እንዲሄድ የሚፈቅድ ወላጅ የለም፣ እናንተም መፍቀድ የለባችሁም።

ሜዳው የጋራ ነው። ጃን ሜዳ ላይ በአንድ ከሰዓት ሩጫ ያለው፣ ኳስ ያለው፣ ሌላ ፕሮጀክት (የሰፈር ታዳጊ ቡድን) የሚያሠለጥነው፣ ሁሉም እጎን ለጎን ነው። በጥር 10፣ 11 እና 12 ሜዳው የጥምቀት ነው፣ ከዚያ በፊት ባሉት ቀናትም ዝግጅት ስላለ ፕሮግራማችሁን ቀድማችሁ አስተካክሉ። መስቀል አደባባይ ዙሪያ የምትሰበሰቡ ከሆነ በደመራ ዕለትና ታላቁ ሩጫ በሚካሄድበት እሑድ መንገድ ይዘጋል። በየሰፈሩ ያሉት ሰው ሠራሽ ሣር የለበሱ ትንንሽ ሜዳዎች ለእንደዚህ ዓይነት ቡድን እጅግ ጥሩ ናቸው፤ ረጅም ጥርስ ባለው ታኬታ ግን አትግቡባቸው። ጥርሱ ሣሩ ውስጥ ተሰክቶ እግር ሲቀር ጉልበት ይዞራል። ለእነዚህ ሜዳዎች ትንንሽና ብዙ ነጠብጣብ ጎማ ያለው ጫማ ነው የሚያስፈልገው፤ ከሌለ ተራ ስኒከር ይሻላል። ከታላቅ ወንድሙ የወረሰውን ታኬታ ጫፉን በካልሲ ጠቅጥቆ የሚመጣ ልጅ በየቡድኑ አለ። ጣቱን ጫማው ላይ ተጭናችሁ ፈትሹ። ከአውራ ጣት ስፋት በላይ ክፍት ከሆነ ቁርጭምጭሚቱ ይጣመማል፣ ያን ቀን በስኒከር ይጫወት።

የሜዳ ሩብ ካገኛችሁ በቂ ነው። ሙሉ ሜዳ 105 በ68 ሜትር ቢሆን ሩቡ 52 በ34 ያህል ነው፤ በዚያ ውስጥ 30 በ20 የሆኑ ሁለት ትንንሽ ሜዳዎች በመሃላቸው 2 ሜትር ተትቶ ይገባሉ። ኮኑን ልጆቹ ከመምጣታቸው 20 ደቂቃ በፊት ደርድራችሁ ጨርሱ። ልጆች ቆመው እያዩ ኮን የሚያስቀምጥ አሰልጣኝ ቡድኑን ገና ሳይጀምር ያጣዋል።

75 ደቂቃውን እንዲህ እከፍለዋለሁ። የመጀመሪያው 10 ደቂቃ የመምጫ ጊዜ ነው፤ ሁለት ልጅ እንደደረሰ አንድ ኳስ ተሰጥቷቸው አንድ ለአንድ ይጀምራሉ፣ የዘገየ ሲመጣ ይገባል፣ ማንም ማንንም አይጠብቅም። ከዚያ 12 ደቂቃ ማሟሟቂያ። ለዚህ ከራሳችሁ አትፍጠሩ። ፊፋ ለታዳጊዎች ያዘጋጀው የ11 ፕላስ ልምምድ አለ፤ በአንድ እግር መቆም፣ መዝለልና በትክክል ማረፍ፣ በትክክል መውደቅ፣ ሰባት እንቅስቃሴ ነው። ዕድሜያቸው ከ14 በላይ ለሆኑት የተዘጋጀው ደግሞ በሦስት ክፍል 15 እንቅስቃሴ አለው፣ 20 ደቂቃ ይወስዳል። ጉዳት የሚቀንሰው በሳምንት ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ ሳይቋረጥ ሲሠራ ነው። ብዙዎች የሚያበላሹት እዚህ ላይ ነው፤ ሲዘሉ ጉልበት ወደ ውስጥ እየታጠፈ ዝም ይላሉ። ልጁ ሲያርፍ ጉልበቱ ከእግሩ ጣት ጋር በአንድ መስመር መሆኑን ፊት ለፊት ቆማችሁ እዩ።

ቀጥሎ 18 ደቂቃ፣ አራት አራት ሆነው 8 በ8 ሜትር ካሬ ውስጥ፣ ሦስቱ ዙሪያ አንዱ መሃል። መሃል የገባው በየ90 ሰከንዱ ይቀየራል። ኳስ የነጠቀውን ወዲያው አታውጡት፤ ካወጣችሁት ደካማው ልጅ መሃል ብቻ ሲቃጠል ይውላል። ከዚያ ዋናው ክፍል፣ 30 ደቂቃ፣ አራት ለአራት በሁለቱ ሜዳ ላይ፣ 5 ደቂቃ ጨዋታ 1 ደቂቃ ዕረፍት፣ አምስት ዙር። ግቡ በኮን የተሠራ 2 ሜትር ነው፣ በረኛ የለም። በየዙሩ ያሸነፈና ያሸነፈ፣ የተሸነፈና የተሸነፈ ይገናኛሉ፤ ሦስተኛው ዙር ላይ እኩያው ከእኩያው ጋር ይሆናል። የመጨረሻው 5 ደቂቃ ውኃ፣ ኳስ መቁጠርና መሰናበት።

ይህ ሁሉ እየሠራ መሆኑን ለማወቅ አንድ ልጅ ምረጡ፣ በተለይ ዝምተኛውን። ደብተር ይዛችሁ ለ5 ደቂቃ ኳስ በነካ ቁጥር አንድ መስመር አስምሩ። እኔ ከ15 መስመር በታች ካየሁ ሜዳውን አጠባለሁ ወይም ሦስት ለሦስት አደርጋለሁ። በአንድ ወር ውስጥ የሁሉንም ልጅ አንድ አንድ ጊዜ ቁጠሩ። ተሰጥኦ ያለው የሚባለው ልጅ 40 ሲነካ ከጎኑ ያለው 6 መንካቱን ስታዩ ቡድን አከፋፈላችሁን ራሳችሁ ትቀይራላችሁ።

አብራችሁ አትጫወቱ። ፈተናው ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እግር ይበላል፣ ልጆቹም ይለምናሉ። ነገር ግን እናንተ ስትገቡ ስምንቱ ልጆች ተመልካች ይሆናሉ፣ ትንሹን ረግጣችሁ መስበርም አለ። ለማሳየት ከሆነ ሁለት ጊዜ፣ ቢበዛ ሦስት፣ በግራም በቀኝም፣ በዝግታ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በምዕራብ በኩል ዝቅ ትላለች፤ እናንተ ፀሐይዋን ፊት ለፊት ተቀበሉ፣ ልጆቹ ጀርባ ይስጧት። ዓይኑን እያጨናበሰ የሚያይ ልጅ የእግራችሁን ማዕዘን አያይም።

ንግግርም ይታሰብበት። አሥር ዓመት በእንግሊዝኛ፣ በዐረብኛ ወይም በፈረንሳይኛ ሲጮህባችሁ ኖራችሁ ሳታውቁት በዚያው ቋንቋ ትጮኻላችሁ። ከአምስት የማይበልጡ አጫጭር ቃላት ምረጡና ሁሌም እነሱን ብቻ ተጠቀሙ፦ «ሰው አለብህ»፣ «ብቻህን ነህ»፣ «ልቀቅ»፣ «ዙር»፣ «ውጣ»። ልጆቹ እርስ በርስ እንዲሉት አድርጉ እንጂ እናንተ ከዳር አትበሉት። ኳስ እግሩ ላይ ያለች ልጅ ከዳር የሚመጣ ረጅም ትእዛዝ አይሰማም። ማረም ስትፈልጉ ዕረፍት ላይ በርከክ ብላችሁ በዓይኑ ከፍታ አንድ ዓረፍተ ነገር ንገሩት።

አሁን ወደ ከፍታው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ ከተማ በሩብ ያህል ያንሳል። ከካይሮ ወይም ከዱባይ የመጣ ሰው ለራሱ ሁለት ሦስት ሳምንት ትንፋሽ ያጥረዋል፣ እዚህ የተወለደው ልጅ ግን አይቸገርም፤ ስለዚህ በራሳችሁ ድካም የልጆቹን ዕረፍት አትለኩ። ዋናው ልዩነት ኳሷ ላይ ነው። አየሩ ስለሳሳ ረጅም ኳስ ርቆ ይሄዳል፣ የተቆረጠ ኳስ ደግሞ እንደለመዳችሁት አይታጠፍም። አዲስ መጪ አሰልጣኝ ኳሱ ሁሌ ሲያልፍ አይቶ «ቴክኒክ የላቸውም» ይላል። ቡድኑን ይዛችሁ 1,200 ሜትር አካባቢ ወዳለችው ድሬዳዋ ስትወርዱ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ ኳሷ ትከብዳለች፣ ረጅሙ ኳስ ሳይደርስ ይወድቃል፣ በረኛው ቀድሞ ይወጣል። ከጨዋታው በፊት ቢያንስ 20 ደቂቃ ረጅም ኳስና የማዕዘን ምት ይለማመዱ፣ በረኞቹ በተለይ።

ኳስ በሻንጣ ይዛችሁ የምትመጡ ከሆነ አየሩን አስወጡ። ባሕር ወለል ላይ በ0.6 ባር የተነፋች ኳስ እዚህ ምንም ሳይጨመርባት ግፊቷ ከ0.8 በላይ ይሆናል፣ ለታዳጊ እግር ትጠነክራለች። ከ9 እስከ 12 ዓመት ቁጥር 4፣ ከ13 ጀምሮ ቁጥር 5 ነው። የቁጥር 5 ዙሪያ ከ68 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቷ ከ410 እስከ 450 ግራም፣ ግፊቷ ከ0.6 እስከ 1.1 መሆን አለበት። ለታዳጊ ግፊቱን ወደ 0.6 አስጠጉት። በአውራ ጣት መጫን አይበቃም፣ የግፊት መለኪያ ግዙ።

ለ16 ልጆች ለመጀመር 12 ኳስ፣ 30 ኮን፣ በሁለት ቀለም ስምንት ስምንት መለያ፣ አንድ መንፊያ፣ አራት መርፌ፣ ፊሽካና የመጀመሪያ ዕርዳታ ቦርሳ ይበቃል። ኳስ ቶሎ የሚሞተው በምት ሳይሆን በመርፌ ነው። መርፌው ደረቅ ሆኖ ሲገፋ የኳሷን ጎማ አፍ ወደ ውስጥ ይዞ ይገባል፣ ከዚያ በኋላ በየሁለት ቀኑ ትተነፍሳለች። መርፌውን በውኃ አርጥባችሁ፣ ቀጥ አድርጋችሁ፣ እያዟዟራችሁ አስገቡ። የምትተነፍሰውን ኳስ አፏ ላይ የሳሙና ውኃ አድርጋችሁ ተመልከቱ፤ አረፋው ከአፏ ከወጣ ይጠገናል፣ ከስፌቷ ከወጣ ግን አታድክሙ።

ጾምና ክረምት የትም ሀገር የሥልጠና መጽሐፍ ላይ በዚህ መልክ አታገኙትም። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ውስጥ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ልጅ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ሆዱ ባዶ ወይም በቅጡ ያልበላ ነው፤ በረመዳን ደግሞ ውኃም የለም። ማን እንደሚጾም በየፊናው ጠይቁ፣ በቡድን ፊት አይሁን። በእነዚያ ሳምንታት ሩጫውን ቀንሱ፣ የኳስ ንክኪውን ጠብቁ፣ የሙስሊም ልጆቹን ከባድ ቀን ወደ ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል አምጡት። በክረምት መብረቅ ሲበርቅ ቁጠሩ፤ ነጎድጓዱ 30 ሰከንድ ሳይሞላ ከተሰማ ልጆቹን ከሜዳ አውጥታችሁ ሕንፃ ውስጥ አስገቡ፣ ዛፍ ሥር አይደለም። የመጨረሻው ነጎድጓድ ካለፈ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትመልሱ። ጭንቅላቱን ተመትቶ ያዞረው፣ ያስመለሰው ወይም ቀኑ የጠፋበት ልጅ የዚያን ቀን ተመልሶ አይገባም፣ «ደህና ነኝ» ቢልም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ የወላጆችን ስልክ በወረቀት ያዙ፣ ሞባይል ባትሪ ይጨርሳል።

ስለ ፈቃድ ባጭሩ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ደረጃዎች ከታች ወደ ላይ ዲ፣ ሲ፣ ቢ፣ ኤ እና ፕሮ ናቸው። የአውሮፓው ሲ ቢያንስ 60 ሰዓት፣ ቢ 120፣ ኤ 180፣ ፕሮ 360 ሰዓት ይጠይቃል፣ ፈቃዱም በየሦስት ዓመቱ በ15 ሰዓት ተጨማሪ ሥልጠና ይታደሳል። ሀገር ቤት ስትገቡ ይህን ማደስ ትረሳላችሁ፣ ከዚያ የለፋችሁበት ወረቀት ይሞታል። ስለዚህ ከመምጣታችሁ በፊት ዋናውን ሰርተፍኬት፣ የኮርሱን ዝርዝርና ሰዓት፣ የማብቂያ ቀኑን የሚያሳይ ደብዳቤ ያዙና ወደ ኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን የቴክኒክ ክፍል ሂዱ። እዚህ ለኮርስ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ የሚሰጠው ፈቃድ ነው ወይስ የተሳትፎ ወረቀት? ሁለቱ ፍሬም ውስጥ ሲገቡ ይመሳሰላሉ። ታላቅ ተጫዋች መሆን ትምህርቱን አይተካም፣ እንቅፋትም አይሆንም፤ መንግሥቱ ወርቁ በ1954 ዓ.ም. ጥር አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣው ቡድን አጥቂ ነበር፣ በ1974 ዓ.ም. ሊቢያ ላይ በተካሄደው ውድድር ደግሞ ብሔራዊ ቡድኑን በአሰልጣኝነት መርቷል። በመሃል ሃያ ዓመት አለ።

አሁን ብዙዎች እንደ ቢሮ ሥራ የሚንቁት፣ ለልጁ ግን ከማንኛውም ልምምድ እኩል የሚጠቅመው ነገር ላይ ልድረስ፦ መዝገቡ።

የልደት ቀን ሁለት ጊዜ ይጻፍ፣ በኢትዮጵያና በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ በግልጽ። መስከረም 5 ቀን 2004 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በአውሮፓ መስከረም 16 ቀን 2011 ነው የተወለደው። አንድ ሰው «2004» የሚለውን ሳይቀይር ቅጹ ላይ ከገለበጠው ልጁ በወረቀት ላይ ሰባት ዓመት ያረጃል። ይህን በኋላ ማስተካከል ዕድሜ ማጭበርበር ይመስላል፣ ሲመስል ደግሞ ማስረዳቱ የልጁ ዕዳ ይሆናል። ሆን ብሎ ዕድሜ መቀነስም አለ፤ ያን አትተባበሩ። ፊፋ ከ2009 ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች ውድድር ላይ የእጅ አንጓን በኤምአርአይ ያያል፣ አጥንቱ ሙሉ በሙሉ ከገጠመ ዕድሜው አልፏል ተብሎ ልጁ ይወጣል። የልደት ሰርተፍኬቱን ዋና ቅጂ አይታችሁ፣ ፎቶ አንስታችሁ፣ ዋናውን ለወላጅ መልሱ። ዋና ሰነድ እጃችሁ ላይ አይደር።

ቀጥሎ ምዝገባ። ተጫዋች ወደ ሌላ ሀገር ክለብ በክፍያ ሲዘዋወር ከክፍያው 5 በመቶ የሚሆነው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ላለው እያንዳንዱ የውድድር ዘመን 0.25 በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ላለው 0.5 በመቶ ነው። ልጁን አራቱን ዓመት ከ12 እስከ 15 የያዘ ክለብ በአንድ ሚሊዮን ዶላር ዝውውር 10,000 ዶላር ይደርሰዋል። ለሰፈር ፕሮጀክት ይህ የብዙ ዓመት ኳስና መለያ ነው። ገንዘቡ የሚጠፋው ልጁ ፌዴሬሽን የሚያውቀው ክለብ ውስጥ ሳይመዘገብ ሲቀር ነው፤ ከ2022 ጀምሮ ፊፋ ክፍያውን የሚያስላው ከብሔራዊ ፌዴሬሽኖች ኤሌክትሮኒክ ምዝገባ ተነሥቶ ነው፣ የእናንተ ደብተር ብቻውን አያስከፍልም። ፕሮጀክታችሁ ክለብ ካልሆነ ልጁ 12 ሲሞላ ከተመዘገበ ክለብ ጋር በጽሑፍ ተስማሙና በየዓመቱ መመዝገቡን በዓይናችሁ እዩ።

ወላጆች ውጭ መጫወታችሁን ስለሚያውቁ በመጀመሪያው ሳምንት የምትሰሙት ጥያቄ «ልጄን ትወስዱልኛላችሁ ወይ?» ነው። እናትየው ይህን ስትጠይቅ ብዙ ጊዜ ከሥራ ወጥታ ነጠላዋን እንዳጣፋች ነው የምትመጣው፤ ቁጭ ብላችሁ መልሱላት። ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች ወደ ሌላ ሀገር እንዳይዘዋወር የፊፋ ደንብ ይከለክላል። ልዩ ሁኔታዎች አሉ፤ ዋናው ወላጆቹ ከኳስ ጋር በማይገናኝ ምክንያት ራሳቸው ሀገር ሲቀይሩ ነው። ስለዚህ የ15 ዓመት ልጅ «ለሙከራ» ይወሰዳል ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ ወላጅ ሦስት ነገር ይጠይቅ። አንደኛ፣ ፈቃድ ያለው ወኪል ከሆነ ስሙ ፊፋ በሚያወጣው የወኪሎች ዝርዝር ላይ ይገኛል፤ ፈቃዱ የሚሰጠው ለግለሰብ ነው፣ ለድርጅት አይደለም። ሁለተኛ፣ ታዳጊን ለማነጋገር የወላጅ ቅድሚያ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ሦስተኛ፣ የተቀባዩ ክለብ ደብዳቤ ላይ ያለውን ስልክ ትታችሁ የክለቡን ይፋዊ ቁጥር ራሳችሁ ፈልጋችሁ ደውሉ። እናንተ የክለቡን ሀገር ቋንቋ ስለምታውቁ ይህን ስልክ ለወላጁ ደውሉለት። አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፣ ፓስፖርቱም ከእናትየው ቦርሳ አይውጣ።